ኮድ አርባ ሁለት

ነጌሌ ቦረና
ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ጋሼ ገብረአምላክ ወገባቸውን ተሻላቸው ወይስ አሁንም ሲነሡም ሲቀመጡም እያቃሰቱ ነው? የሻይ ቤቱ ጣራ ተጠገነ? የእናንተ የሜጋ ነፋስ እንኳን ቆርቆሮ ሰውም ይዞ ይሄዳል፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ አስጠግኚው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ነጌሌም እንደምታውቂያት ናት። የአዶሌሳው ደረቅ ወራት ብርድ ጠዋት ጠዋት ያንዘፈዝፈናል፤ ደመናው ሲቆለል ይውልና ጠብ ሳይል ይሄዳል።

ደህና ነኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ እትዬ። እጄ ለምዶበት ጻፈው እንጂ ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አፌ አልገባ ብሎኝ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ እየዘለለ፣ እንዲሁ ስባዝን ከረምኩ። ጎረቤት በጾሙ ነው የከሳችው ይላል። ይበሉ፣ ምን አገባኝ።

ለምን አልደወልሽም ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ለቀሽ ብርጭቆው መሐል ታስቀምጪዋለሽ። ባለፈው ጥርሴን አመመኝ ብዬ ስነግርሽ አንድ የሞያሌ ሹፌር ነጭ ሽንኩርት ያዢበት ብሎ የጮኸብኝን አልረሳሁም። ይሄን ነገር የመኪና መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማው አልፈልግም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምፅሽን እየሰማሁ ልናገረው አልችልም። ስለዚህ ጫማ ነጋዴዋ አበዛሽ ነገ በአይሱዙ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ፖስታውን በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ ተቀዶ ካገኘሽው ንገሪኝ፣ እኔና እሷ እንተያያለን። ጓዳ ግቢና ብቻሽን አንብቢው። ረሆቦት እንዳታይሽ።

ነገሩ የረሆቦት ነዋ። ደሞ እንዳትደነግጪ! ልጅሽ ጤነኛ ናት፣ ክፉ ነገር አልነካትም፣ ከማንም ጋር የለችም። የፈተናው ጉዳይ ነው። ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አሥራ አንደኛ ልትገባ ስታመጫት መናኸሪያው ላይ እጇን ይዘሽ እጄ ውስጥ ያስገባሽው ትዝ ይልሻል? "እኔ አንቺን አስተማርኩ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው" ብለሽኝ ሳቅሽ። አንቺ ሳቅሽ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። እማዬ ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ ስምንተኛ ክፍል። ሚኒስትሪ ልትፈተኚ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ደብተርሽን አስቀምጠሽ እኔን አዘልሽ። ዛሬ ቲቸር ተብዬ ጠመኔ የምይዘው አንቺ ያን ፈተና ስላልተፈተንሽ ነው። አንድ ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። ብታነሺው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ኮድ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ተፈታኞች ሁለት ነገር ይሰጣቸዋል፤ ጥያቄው ያለበት ጥራዝና ክብ ክቡን በእርሳስ የሚያጠቁሩበት የመልስ ወረቀት። ጎን ለጎን የተቀመጡት እንዳይኮራረጁ የጥያቄው ቅደም ተከተል ከጥራዝ ጥራዝ ይለያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥራዝ ላይ ቁጥር አለ፤ ኮድ የሚባለው እሱ ነው። ልጁ የደረሰውን ጥራዝ ቁጥር አይቶ መልስ ወረቀቱ ላይ ያጠቁራል፣ ማሽኑም በዚያ ቁጥር ያርምለታል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን ልጁ ሁሉንም በትክክል ቢመልስ እንኳ በሌላ ጥራዝ መልስ ነው የሚታረመው። ዜሮ ማለት ነው፣ እትዬ። ባዶ።

አምና ሚልኪ የሚባል ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። እሱ ኮዱን ጭራሽ ማጥቆር ረሳ። ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደሆነ አልነግርሽም። አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ አቁሞ ይጭነኛል፣ እኔም ጀርባውን እያየሁ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ነው ከእንግዲህ ኮድ የሚረሳ ተማሪ ከእጄ አይወጣም ብዬ የማልኩት። መሐላዬን ጠበቅኩ፤ አንድም የረሳ የለም።

ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ሰብስቤ ሳስጠና ከረምኩ። ራሺድ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ አለ፣ ልጁ መሱዳ ከእኛ ጋር ስለሆነች ባዶ መጋዘኑን ሰጠን። ከአንድ ጓደኛዬ ያገኘሁትን ያለፈ ዓመት ጥራዝ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ የመልስ ወረቀቱን ደግሞ ክብ ክቡን በእጄ ሥዬ አባዝቼ፣ ልክ እንደ እውነተኛው ፈተና አስቀምጣቸው ነበር። የዕለቱን የመልስ ወረቀት አድልና ሰዓቴን ይዤ ቆሜ "ስም!" እላለሁ፣ ያጠቁራሉ። "ቁጥር!" እላለሁ፣ ያጠቁራሉ። "ኮድ!" ስል ሁሉም ባንድ አፍ "አርባ ሁለት!" ይሉና ያጠቁራሉ። ያ ጥራዝ ላይ የነበረው ቁጥር አርባ ሁለት ነው። ያለኝ ጥራዝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ በየሳምንቱ፣ አርባ ሁለት።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር። ሁለት ደቂቃ አወረድኩት። ጥያቄው ከመታደሉ በፊት ጨርሰው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ዜማው ከመጋዘኑ አልፎ ሰፈሩን ሞላው። ሱቅ የሚላኩ ሕፃናት ሳይቀሩ ቲቸር አርባ ሁለት ይሉኝ ጀመር። አንዱ ትንሽዬ "አካም ቲቸር አርባ ሁለት!" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሲሮጥ ሆዴን ይዤ ስቄ ነበር። አይ እኔ! በራሴ መርዶ መሳቄን ማን ነገረኝ።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ረሆቦት እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ እንደማንም ቲቸር ነው የምትለኝ፣ ታውቂያታለሽ ሥርዓቷን። "ቲቸር፣ ኮዱ ሁልጊዜ አርባ ሁለት ነው?" አለችኝ። እኔ ሰዓቱን እያየሁ ነበር። ሁለት ደቂቃው ሊያልቅብኝ ነው። "ያልኩሽን አጥቁሪ፣ አታስቁሚን!" ብዬ ጮህኩባት። ልጆቹ ሳቁባት። አንገቷን ደፍታ አጠቆረች። ከዚያ በኋላ ጠይቃ አታውቅም። እኔም እመልስበታለሁ ብዬ ያን ቀን እንኳ አላሰብኩም፤ እንዲያው ከጭንቅላቴ ወጣ። እማዬ በሞተችበት እምልልሻለሁ፣ ኮዱ እንደሚለያይ እኔ ጠፍቶኝ አይደለም። እንደ ፀሐይ የማውቀው ነገር ስለሆነ እነሱም የሚያውቁት መስሎኝ ነው። የማውቀውን ሁሉ ሳስተምር ከርሜ ይቺን አንዷን ሳልነግራቸው ላክኋቸው።

ሐምሌ ላይ ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሊወስዷቸው አውቶቡሶቹ መጡ። ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን አስፋልት ለአስፋልት እየሮጡ ሲሸኙ ብታዪ! የእኔዎቹ በመስኮት ብቅ ብቅ ብለው እጃቸውን እያወዛወዙ "አርባ ሁለት! አርባ ሁለት!" እያሉ ጮሁልኝ። እኔም ሁለት እጄን አንስቼ አብሬ ጮህኩ። ረሆቦት በኋላ በኩል ተቀምጣ ነበር፣ እሷም እጇን አወዛወዘችልኝ። እልል አልኩ።

ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተቀበልናቸው። የአሬሮው ልጅ ሁቃ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ሁቃን ነግሬሻለሁ፣ የአባቱ ከብቶች በድርቁ ካለቁ ወዲህ የቀራቸው ተስፋ እሱ ነው። እንዴት ነበር አልኩት። "ቲቸር፣ ሌሎቹ ስማቸውን ሲፈልጉ እኛ ጨርሰን እጃችንን አጣጥፈን ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ኮድማ ሳላይ ነው ያጠቆርኩት፣ እንዳሉን" አለኝ። ኩራቱ! ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ሳላይ ማለት ምን ማለት ነው አልኩት። "አርባ ሁለት ነዋ!" አለ።

ባንዲራ መስቀያው ሥር ቁጭ አልኩ። ከደስታ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ መሱዳን አባቷ ሱቅ ሄጄ እንደ ዋዛ እያስመሰልኩ ጠየቅኳት። መጀመሪያ እውነቱን ልትነግረኝ አልፈለገችም። ሸማ ቀድጄ ልለምናት ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ሒሳብ ነበር። የመልስ ወረቀቱ ቀድሞ ሲታደል ሁሉም ሳያስቡት እጃቸው ወደ አርባ ሁለት ሄደ። ጥራዙ ሲመጣ መሱዳ ላዩ ላይ ሌላ ቁጥር አይታ በላጲስ አጥፍታ አስተካከለች። ፈታኙ ስለ ኮድ ተናግሮ ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ጨርሰናል ብለው አልሰሙትም። ማታ መኝታ ክፍል ስታወራው ሴቶቹ ግማሾቹ ጮኹ፣ ግማሾቹ አለቀሱ። ወንዶቹም በሁለተኛው ቀን ሰሙ፣ ሁቃ ግን የመጀመሪያውን ቀን ስህተት ከምንም ሳይቆጥረው ነው የተመለሰው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሁሉም አይቶ አጠቆረ። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ወረቀቶች ግን ሄደዋል።

መሱዳ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። የዚያን ማታ አንዲት ልጅ ሁሉንም እየዞረች አባበለቻቸው አለች፤ እንባቸውን እየጠረገች "ለቲቸር ማንም እንዳይነግራት፣ ደም ግፊት አለባት" ብላ አስማለቻቸው። እትዬ፣ ደም ግፊት እንዳለብኝ ነጌሌ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ክኒኑን የምውጠው ቤቴ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ውኃ የምታቀብለኝ ልጅ ፊት ነው።

ቤት ስገባ ረሆቦት ግቢ ውስጥ በሳፋ ልብስ ታጥባለች። ዩኒፎርሟን ነበር። አጠገቧ ቆሜ ስለ ኮዱ ጠየቅኳት። ቀና ሳትል "እኔ አይቼ ነው ያጠቆርኩት አክስቴ፣ አትጨነቂ" አለችኝና ማሸቷን ቀጠለች። አልገፋፋኋትም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ዕለት ብቻ ነው ምግብ የበላሁት።

እዚህ አገር አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ልጅ ከፈተና በተመለሰ ሳምንት ዩኒፎርሙን ለታናናሾቹ ይሰጣል። ይሄ ደስታ ነው፣ ይሻሙበታል። ሁቃ ሹራቡን ሳይቀር ሰጥቶ በሸሚዝ ሲንዘፈዘፍ ነበር። ረሆቦት አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሻንጣዋ ሥር ከተተችው። ለማን ነው ብላት የሻንጣዋን ዚፕ ዘጋችው። መናኸሪያ ወደ አንቺ ስሸኛትም መኪናው ሊነሣ ሲል "የከርሞው ጥናት ያው ቅዳሜ ነው?" አለችኝ። ምን አገባሽ፣ አንቺ እኮ ጨርሰሻል ብዬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ነገሩ ከነዩኒፎርሙ የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞርኩ ሁሉንም ጠይቄያለሁ። ዘጠኙ አይተው አጥፍተዋል። ዘጠኙ አላዩም። አሥራ ዘጠነኛዋ ያንቺ ልጅ ናት።

ባለፈው ሐሙስ የሁቃ አባት ከአሬሮ መጡ። ናጋ ናጋ እያልን ሰላም ተባባልን። ከተረፈቻቸው አንዲት ላም ያለቡትን ወተት በጪጮ ይዘው፣ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ ብለው ሦስቴ ጋላቶሚ እያሉ አመሰገኑኝ። ጾም ነው ብዬ አልጠጣሁትም፤ ባይጾምስ በየት በኩል ይወርዳል? ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ስለ ላሟ ጠየቅኳቸው። ሲሄዱ በሩን ይዤ አለቀስኩ።

እና ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ኮዱን ሳያዩ ያጠቆሩት የዘጠኙ ልጆች ስምና የመመዝገቢያ ቁጥር አለበት። ወረቀታቸው በእጅ እንዲታይ፣ ጥፋቱ የአስጠኚያቸው እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አንድ የትምህርት ቢሮ ሰው ሰኞ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ይዞልኝ ይገባል። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። ምን እንደሚያስፈራኝ ታውቂያለሽ? የአንድ ከተማ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቁጥር አጥቁረው ሲያገኙ፣ ይሄ የኩረጃ ምልክት ነው ቢሉስ? ጨርሶ ቢሰርዟቸውስ? ብጽፍ እፈራለሁ፣ ዝም ብል ደግሞ ፊታቸውን ማየት አልችልም። የእኔ መጠየቅ ምንም አይደል፤ ጠመኔውን ይንጠቁኝ። የሰው ልጅ ይዤ ገደል እንዳልገባ ብቻ ነው ጸሎቴ።

የረሆቦት ነገር ነው ያሰረኝ። አይታ አጥፍታ ከሆነና እኔ ስሟን ብከት፣ ንጹሕ ወረቀቷን ከጥርጣሬ መሐል እጨምረዋለሁ። ሳታይ ከሆነና እኔ ብተዋት ደግሞ ወረቀቷን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፤ ጥራዙ ሌላ ቁጥር ቢያሳያት እንኳ፣ ትልቅ ሰው አንዴ "ያልኩሽን አድርጊ" ካላት ከትልቅ ሰው ቃል አትወጣም። እኔ ነኝ የጮህኩባት። እኔን ደግሞ ታማለች ብላ እውነቱን አትነግረኝም።

ስለዚህ እባክሽ አንቺ ጠይቂያት። አትቆጫት፣ የእኔንም ደብዳቤ አታሳያት። አንቺን ስትዋሽ የግራ ጆሮዋን እንደምትነካካ ትዪ ነበር፤ እኔ ስጠይቃት እጇ ሳፋው ውስጥ ነበርና ማየት አልቻልኩም። እስከ እሑድ ደውዪልኝ። ድምፁን ልቀቂው፣ ሹፌሮቹም ይስሙ ግድ የለም። ያው እንዳስተማርኳት አጥቁራው ከሆነ አርባ ሁለት በይኝና ዝጊው። ካልሆነ ስለ ጣራው ብቻ አውሪኝ። ስለ ጣራው ብታወሪኝ እዚያው ስልኩ ላይ እልል እላለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ እትዬ። አንድ ፈተና ለእኔ ብለሽ ትተሻል፤ ሁለተኛውን ደግሞ እኔ ከልጅሽ እጅ አስጥዬ ከሆነ ይቅርታ ምን ይበቃዋል? ፍልሰታን በሰላም ያስፈታሽ። ጋሼን እግዜር ይማርልኝ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርገው፣ ልጅሽን ያውጣልሽ። እሷን ሳሚልኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያት።

የዘጠኙን ስም በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። አሥረኛ መስመር አስምሬ ስሟን በእርሳስ ጽፌአለሁ። ላጲሱ እዚሁ አጠገቤ ነው።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ
ታናሽ እህትሽ